የአዲስ አበባ ሰዓት በኮምፒዩተር መዝገብ

«ሰዓት ስንት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው «የት ሆነን?» የሚለውን ሁለተኛ ጥያቄ አይጨምርም። ጠያቂውም ተጠያቂውም በአንድ ሰማይ ሥር ቆመው አንዲቱን ፀሐይ ስለሚያዩ፥ ቦታው ሳይነገር ይታወቃል። በጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ኮምፒዩተር ግን ፀሐይን አያይም። ከፋብሪካ ወጥቶ፥ በሣጥን ታሽጎ፥ በመርከብና በአውሮፕላን ተጭኖ መጥቶ በአንድ መሥሪያ ቤት ሲከፈት፥ ያለበት ስፍራ አዲስ አበባ ይሁን ወይም ቦነስ አይረስ ከራሱ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ስለዚህ አንድ ሰው አስቀድሞ፥ ከሩቅ ሆኖ፥ ሊገምትለት ግድ ይሆናል። ተጠቃሚው ራሱ ከመምረጡ በፊት ተመርጦ የሚጠብቀውን ይህን ግምት የሙያው ሰዎች በአማርኛ «ነባሪ» ብለው ሰይመውታል።

ነባሪ ምርጫ ከላይ ሲያዩት ትንሽ ነገር ይመስላል። የማይስማማው ሰው ሊለውጠው ይችላልና። ነገር ግን አብዛኛው ሰው የተሰጠውን ሳይነካ የሚቀበል ስለ ሆነ፥ ነባሪውን የወሰነ ሰው ስማቸውንም አገራቸውንም ለማያውቃቸው እጅግ ብዙ ሰዎች የወሰነ ነው። የደብዳቤ ቀን፥ የክፍያ ሰዓት፥ የልደት መዝገብ፥ የፈተና መክፈቻና መዝጊያ ሁሉ በዚህ ግምት ላይ ይቆማሉ። ከዚህም ሌላ፥ ያን ያህል ያልታሰበበት አንድ ጉዳይ አለ። ኮምፒዩተር የዛሬውን ሰዓት ብቻ ሳይሆን ያለፈውንም ዘመን ሰዓት ይናገራል። «በ1930 በአዲስ አበባ ስንት ሰዓት ነበር?» ተብሎ ቢጠየቅ አላውቅም አይልም፤ ይመልሳል። መልሱን ማን እንዳስተማረው መመርመር የታሪክ ሥራ ነው፤ ይህ ጽሑፍም የተነሣው ለዚሁ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» የሚል ካልተከተላቸው በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል ያስፈልጋል። የምንመረምራቸው መዝገቦች በዚያ አቈጣጠር ስለ ተጻፉ ነው። እንግዲህ ጸሐፊውም የራሱን ነባሪ መረጠ ማለት ነው፤ ነገር ግን ቢያንስ ተናግሮ መረጠ።

ነገሩ የሚጀምረው ከኮምፒዩተር አስቀድሞ ነው። ባቡርና ቴሌግራፍ ከመምጣታቸው በፊት እያንዳንዱ ከተማ የራሱ ሰዓት ነበረው። ፀሐይ ከራስ በላይ ስትውል ቀትር ነው፤ በምሥራቅ በኩል ላለው ጎረቤት ግን ቀትሩ ቀደም ብሎ አልፏል። በእግርና በበቅሎ ለሚጓዝ ሰው ይህ ልዩነት ምንም አልነበረም። ባቡር በመጣ ጊዜ ግን በአንድ ሐዲድ ላይ የሚገናኙ ሁለት ሠረገሎች በሁለት ልዩ ልዩ ሰዓት ሲመሩ አደጋ ይሆናል። በዚህ ምክንያት የአሜሪካና የካናዳ የባቡር ኩባንያዎች ኖቬምበር 18 ቀን 1883 ሰዓታቸውን በጥቂት ሰፋፊ ክልሎች ከፋፍለው አስተካከሉ። አንድ ዓመት ሳይሞላ፥ በኦክቶበር 1884፥ የ25 መንግሥታት መልእክተኞች በዋሺንግተን ተሰብስበው በእንግሊዝ አገር በግሪኒች ላይ የሚያልፈው መስመር የዓለም ሁሉ መነሻ እንዲሆን ወሰኑ። ድጋፉ 22 ድምፅ ሲሆን፥ ሳን ዶሚንጎ ተቃወመች፤ ፈረንሳይና ብራዚል ድምፅ ከመስጠት ተቈጠቡ። ከአፍሪካ ተገኝታ ድምፅ የሰጠችው ላይቤሪያ ብቻ ነበረች፤ ኢትዮጵያ በጉባኤው ላይ አልነበረችም።

እንዲህ ያለ ውሳኔ በወረቀት ላይ ሲጻፍ አንድ ነው፤ በሕዝብ ኑሮ ላይ ሲወርድ ግን ሌላ ነው። ግሪኒችን ደግፋ ድምፅ የሰጠችው ላይቤሪያ ራሷ ከግሪኒች በ44 ደቂቃ ከ30 ሴኮንድ ወደ ኋላ የሚቀረውን የሞንሮቪያን ሰዓት እስከ ጃንዩወሪ 1972 ድረስ ይዛ ቆየች። ፈረንሳይም በ1911 የዓለሙን ሰዓት ስትቀበል፥ የግሪኒችን ስም ላለመጥራት ስትል፥ የፈረንሳይ ሕጋዊ ሰዓት የፓሪስ አማካይ ሰዓት ሆኖ በ9 ደቂቃ ከ21 ሴኮንድ የዘገየ ነው ብላ በሕግ ደነገገች። የልዩነቱ መጠን የግሪኒችን ሰዓት የሚሰጥ መሆኑን ሁሉም ያውቅ ነበር።

በዚያው በዋሺንግተን ጉባኤ ላይ ለእኛ ይበልጥ የሚቀርብ ቃል የተናገረው የቱርክ መልእክተኛ ሩስተም ኤፌንዲ ነበር። በአገሩ ሁለት ዓይነት የሰዓት አቈጣጠር መኖሩን አስረዳ፤ አንዱ እንደ አውሮጳውያን ከእኩለ ሌሊት፥ ሁለተኛው ከፀሐይ መግቢያ የሚነሣ። ከሕዝቡ የሚበዛው በእርሻ የሚኖር ስለ ሆነ፥ የጸሎትም ሰዓት በፀሐይ መግቢያ ስለሚለካ፥ ሁለተኛውን መተው እንደማይቻል ገለጸ። ቱርክ ያን አቈጣጠር ከ1926 መጀመሪያ አንሥቶ በሕግ ተወችው። የእኛ፥ ከንጋት ተነሥቶ 12 ሰዓት የሚቈጠረው፥ እስከ ዛሬ አለ። ምክንያቱም ግልጽ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ያህል ብቻ የምትርቅ ስለ ሆነች፥ ከዓመቱ ረጅሙ ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው ከአንድ ሰዓት ብዙም በማያልፍ ልዩነት ነው። ንጋት ዓመቱን ሙሉ በአንድ ስፍራ ስለሚጠብቅ ቈጠራን ከእርሱ መጀመር ያመቻል። ለለንደን ሰው እንዲህ ያለ አቈጣጠር የማይሆን ነገር ነው፤ ለአዲስ አበባ ሰው ግን ከእኩለ ሌሊት መጀመር ነው እንግዳው።

ወደ ኮምፒዩተር እንመለስ። ከዛሬው ሥርዓት ብዙው የተወለደበት ዩኒክስ የተባለው ፕሮግራም በአሜሪካ በኒው ጀርሲ፥ በቤል ላብራቶሪ ተሠራ። በ1975 በወጣው በስድስተኛው እትሙ ውስጥ የሰዓት ልዩነት ተጽፎ ይገኛል፤ ከግሪኒች በምዕራብ 5 ሰዓት፥ ወይም 18,000 ሴኮንድ። ይህ የኒው ጀርሲ ሰዓት ነው። ሠሪዎቹ ፕሮግራሙን ለራሳቸው መሥሪያ ቤት ስለ ሠሩት ነው እንጂ ሌላውን ዓለም ስለ ናቁት አይደለም። ነገር ግን ፕሮግራሙ ከመሥሪያ ቤቱ ወጥቶ ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችና አገሮች በሄደ ጊዜ የኒው ጀርሲ ሰዓት አብሮ ተጓዘ። ሌላ ስፍራ የተቀመጠ ሰው ፕሮግራሙን ከፍቶ ቍጥሩን በገዛ እጁ ካልለወጠ በቀር፥ ኮምፒዩተሩ በኒው ጀርሲ እንዳለ ሆኖ ይቈጥር ነበር።

በ1981 የወጣው የአይ ቢ ኤም የግል ኮምፒዩተር ደግሞ በተቃራኒው ስለ ቦታ ከቶ ምንም የማያውቅ ነበር። በባትሪ የሚሠራ ሰዓት ስላልነበረው፥ በተከፈተ ቍጥር ቀኑንና ሰዓቱን ባለቤቱን ይጠይቃል። ባለቤቱ ሰልችቶት ምንም ሳይጽፍ ካለፈ፥ ጃንዩወሪ 1 ቀን 1980፥ ማክሰኞ፥ ብሎ ይጀምራል፤ በእኛ ታኅሣሥ 22 ቀን 1972 ዓ.ም. መሆኑ ነው። በዚያ ዘመን ከተጻፉት ሰነዶች ብዙዎቹ ይህንኑ ቀን ተሸክመው የሚገኙት ስለዚህ ነው። አንድ የወደፊት የታሪክ ተመራማሪ ይህን ሳያውቅ ቢመጣ፥ በዚያ ማክሰኞ ዓለም ሁሉ በጽሕፈት ሥራ ተጠምዶ ነበር ብሎ ሊደመድም ይችላል።

የሰዓት ክልሎችን ሁሉ በአንድ መዝገብ ለመሰብሰብ የተነሣው በ1980ዎቹ በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ይሠራ የነበረው አርተር ዴቪድ ኦልሰን ነው። ሥራው የመንግሥት ትእዛዝ አልነበረም፤ ፈቃደኞች በየጊዜው የሰሙትንና ያነበቡትን እየላኩ ያሳደጉት ነው። ከኦልሰን በኋላ የመዝገቡ ዋና አዘጋጅ የሆነው በሎስ አንጀለስ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ፖል ኤገርት ነው። ዛሬ በዓለም ላይ ካሉት ኮምፒዩተሮችና የእጅ ስልኮች አብዛኞቹ የአንድን ከተማ ሰዓት ሲናገሩ የሚጠቅሱት ይህንን መዝገብ ነው።

መዝገቡ ከወሰናቸው ነገሮች ሁለቱ ለጉዳያችን ይጠቅማሉ። የመጀመሪያው ስለ ስም ነው። በ1993 ኤገርት ባቀረበው ሐሳብ መሠረት እያንዳንዱ ክልል በአገር ስም ሳይሆን በክፍለ ዓለሙና በትልቅ ከተማው ስም እንዲጠራ ተደረገ። አገሮች ይከፈላሉ፥ ይቀላቀላሉ፥ ስማቸውን ይለውጣሉ፤ ከተማ ግን ከስፍራው አይነቃነቅም። ይህ ብልህ ሐሳብ ነበር። በእርግጥ የከተማ ስምም ይለወጣል፤ ካልካታ ኮልካታ ተብላለች፥ የኪየቭም አጻጻፍ በ2022 በመዝገቡ ተለውጧል። ሆኖም ስም መለወጥ ድንበር ከመለወጥ ይቀላል።

ድንበር ምን ያህል እንደሚከብድ ማይክሮሶፍት በ1995 ባወጣው ዊንዶውስ 95 ላይ ታይቷል። በዚህ ፕሮግራም ውስጥ የዓለም ካርታ ተሥሎ፥ ሰው አገሩን በጠቋሚ ሲነካ የሰዓት ክልሉ እንዲበራ ተደርጎ ነበር። ለዓይን የሚያስደስት ነገር ነበር። ነገር ግን በዚያው ዓመት መጀመሪያ ፔሩና ኤኳዶር በድንበር ተዋግተው ስለ ነበር፥ የፔሩ መንግሥት ድንበሩ በትክክል አልተሣለም ሲል ለኩባንያው አቤቱታ አቀረበ። ድንበሩን ወደ ሰሜን ቢገፉት ኤኳዶር ትቈጣለች፤ ቢተዉት ፔሩ ትቈጣለች። ህንድም በበኩሏ ክርክር ያለበት መሬት በሰዓት ካርታው ላይ ለፓኪስታን ስለ ተሰጠ ፕሮግራሙን እንደምታግድ አስጠነቀቀች። ኩባንያው በተባበሩት መንግሥታት የታወቀውን ድንበር ተከትያለሁ ቢልም አልበጀውም፤ ካርታው የሚበራበትን ነገር በጥቂት ወራት ውስጥ ከነጭራሹ አነሣው። ሰዓት ለማስተካከል የተሣለ ካርታ የመንግሥታትን ጠብ ይቀሰቅሳል ብሎ ማን ያስብ ነበር?

የመዝገቡ ሁለተኛ ውሳኔ ስለ ዘመን ነው። ዩኒክስ ጊዜን የሚቈጥረው ከጃንዩወሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ ስለ ሆነ፥ መዝገቡም በእርግጥ የሚጠነቀቀው ከዚያ ወዲህ ላለው ጊዜ ነው። ከ1970 ወዲህ ሰዓታቸው አንድ የሆነ ከተሞች በአንድ ስም እንዲጠቃለሉ፥ ስሙም ከመካከላቸው በሕዝብ ብዛት የሚበልጠው ከተማ እንዲሆን ተወሰነ። ከ1970 በፊት ያለው ታሪክ ከተገኘ ይጻፋል፤ ካልተገኘ ግን አያስጨንቅም። የአዲስ አበባ ጉዳይ የሚነሣው ከዚህ ነው።

በአሮጌው መዝገብ አዲስ አበባ የራሷ አንቀጽ ነበራት። አንቀጹ አጭር ነው። እስከ 1870 ድረስ ከተማዪቱ በራሷ የፀሐይ ሰዓት፥ ከግሪኒች በ2 ሰዓት ከ34 ደቂቃ ከ48 ሴኮንድ ቀድማ ነበረች፤ ከ1870 ጀምሮ በ2 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ በሚቀድም «የአዲስ አበባ አማካይ ሰዓት» ተዳደረች፤ ከሜይ 5 ቀን 1936 ወዲህ ደግሞ በ3 ሰዓት ትቀድማለች ይላል። በዚህ አንቀጽ መሠረት በዚያች ቀን የአዲስ አበባ ሰዓቶች ሁሉ በ24 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ ወደ ፊት ተገፉ ማለት ነው።

የኢትዮጵያን ታሪክ የሚያውቅ አንባቢ እዚህ ላይ ሳይቆም አያልፍም። ሜይ 5 ቀን 1936 ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ የገባበት ቀን። ልክ በአምስተኛው ዓመት፥ በሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.፥ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ መናገሻ ከተማቸው ስለ ተመለሱ፥ ቀኑ በድል በዓልነት ይታሰባል። እንግዲህ የዓለም ኮምፒዩተሮች ይጠቅሱት የነበረው መዝገብ አሁን የምንኖርበትን ሰዓት ያገኘነው ወራሪው በገባበት ዕለት ነው ይለናል። ይህ እውነት ከሆነ ትልቅ የታሪክ ነገር ነው። እውነት ካልሆነም ትልቅ ነገር ነው፤ ያለ ማስረጃ በብዙ መኪናዎች ውስጥ ታትሟልና።

ማስረጃው ምንድን ነው? መዝገቡ ራሱ ምንጩን ይነግረናል። ቶማስ ሻንክስ የተባለ አሜሪካዊ ያዘጋጀው የዓለም ከተሞችና የሰዓታቸው መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ የተዘጋጀው ለኮከብ ቈጣሪዎች ነው። ኮከብ ቈጣሪ የአንድን ሰው ዕጣ ለመናገር የተወለደበትን ሰዓት በትክክል ማወቅ ስለሚፈልግ፥ በየከተማው በየዘመኑ ምን ዓይነት ሰዓት ይሠራበት እንደ ነበረ ጠንቅቆ መያዝ አለበት። ስለዚህ በዚህ ረገድ ከሁሉ የሰፋውን ሠንጠረዥ የያዙት የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ሳይሆኑ ኮከብ ቈጣሪዎች ሆኑ። የሻንክስ መጽሐፍ ለብዙ አገሮች ጠቅሟል፤ ነገር ግን የጻፈውን ከየት እንዳገኘው አይናገርም። በ2011 ይህንኑ የሰዓት ሠንጠረዥ የሚሸጥ አስትሮሌብ የተባለ የኮከብ ቈጠራ ኩባንያ ኦልሰንንና ኤገርትን በአሜሪካ ፍርድ ቤት ከሰሳቸው። ክሱ በ2012 ተነሣ፤ መዝገቡም ከዚያ በፊት፥ በኦክቶበር 2011፥ የኢንተርኔት ስሞችን በሚያስተዳድረው ድርጅት ጥበቃ ሥር ገባ።

አሁን የሻንክስን አንቀጽ በራሳችን ታሪክ እንመዝነው። መጽሐፉ ኢትዮጵያ ከ1870 እስከ 1890 እርስ በርሳቸው እጅግ የተቀራረቡ ስድስት የሰዓት ክልሎች ነበሯት፥ በ1890 በአንድ ተጠቃለሉ ይላል። በ1870 አዲስ አበባ አልነበረችም፤ የተቈረቈረችው በ1886 ገደማ፥ በ1879 ዓ.ም. ነው። በ1870 በጎንደር በኩል ዘውድ የጫኑት ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ነበሩ፤ ዐፄ ዮሐንስ ገና አልነገሡም፥ የነገሡት በ1872 ነው፤ ምኒልክም የሸዋ ንጉሥ ነበሩ። ባቡር የለም፤ ቴሌግራፍም የለም፤ ባቡር አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። የአሜሪካ ባቡሮች ሰዓታቸውን አንድ ከማድረጋቸው 13 ዓመት አስቀድሞ፥ በየአውራጃው መሳፍንት በሚፎካከሩባት አገር፥ አንድ መንግሥት ስድስት የሰዓት ክልሎችን በሴኮንድ ለክቶ ደነገገ ብሎ ማመን አይቻልም። መሳፍንቱ የሚከራከሩበት ብዙ ነገር ነበራቸው፤ ሴኮንድ ግን ከመካከሉ አልነበረም።

የኤርትራም ነገር ይብስ እንደ ሆነ እንጂ አያንስም። ያው አሮጌ መዝገብ አስመራ ከ1890 ጀምሮ እስከ 1936 በአዲስ አበባ አማካይ ሰዓት ትተዳደር ነበር ይላል። 1890 ኢጣልያ ኤርትራን ቅኝ ግዛቴ ብላ ያወጀችበት ዓመት ነው። የኢጣልያ ገዥዎች ቅኝ ግዛታቸውን ባወጁበት ዓመት ሰዓታቸውን ከምኒልክ ከተማ ተዋሱ ማለት፥ ያውም በመካከሉ የዓድዋ ጦርነት ሲደረግ ሳይተዉት ማለት፥ ለማንም የማይዋጥ ነው።

ኤገርት ይህንን አልሸሸገም። በመዝገቡ ውስጥ ከአንቀጹ በላይ ባሰፈረው ማስታወሻ፥ የሻንክስ ቃል ስሕተት ሳይሆን እንደማይቀር ጽፏል። 2 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ የ38 ዲግሪ ከ50 ደቂቃ መስመር ሰዓት ስለ ሆነና ይህም በአዲስ አበባ ላይ በትክክል ስለማይወድቅ፥ ምናልባት አዲስ ደራ የተባለ ስፍራ ይሆን? ብሎ ጠይቋል። በአማርኛ ሰዓት የሚጠይቅ ሰው ኢትዮጵያውያን ከንጋት እንደሚቈጥሩ እንዲያስታውስም መክሯል። ርቆ ለተቀመጠ ሰው ይህ የሚመሰገን ጥንቃቄ ነው።

የሚያዝያ 27 ጉዳይ ግን ከ1870ው ይለያል። የ1870ው በታሪክ ሊሆን የማይችል ነው፤ የ1928ቱ ዓ.ም. ግን ሊሆን የሚችል ነው። ኢጣልያ ኢትዮጵያን፥ ኤርትራንና ሶማሊያን በአንድ ግዛት ስታጠቃልል አንድ ሰዓት ማስፈለጉ አይቀርም። ሆኖም ጦሩ በገባበት፥ ከተማዪቱ ከዝርፊያና ከእሳት ገና ባልወጣችበት ዕለት የሰዓት ድንጋጌ ወጣ ማለት ያጠራጥራል። ጸሐፊው እንደሚመስለው ሠንጠረዡን ያዘጋጀው ሰው ለውጡን እንጂ ቀኑን ስላላገኘ፥ ታሪክ የሚያውቀውን ታላቅ ቀን ወስዶ በስፍራው አኑሮታል። ቀን ሲጠፋ ታላቅ ቀን መዋስ የብዙ ሠንጠረዥ አዘጋጆች ልማድ ነው። እርግጡ የሚገኘው በጊዜው ከወጡ አዋጆች፥ ከፖስታና ቴሌግራፍ መሥሪያ ቤት መዛግብት፥ ከባቡር ኩባንያው የጉዞ ሠንጠረዥ ነው። እንዲህ ያለውን መዝገብ አንዱ የታሪክ ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ ቢያገላብጥ፥ የሚያገኘው መልስ በቤተ መጻሕፍት ብቻ አይቀርም፤ መዝገቡ ማስረጃ ይዞ ለሚመጣ ሁሉ ክፍት ስለ ሆነ ወደ ዓለም ኮምፒዩተሮች ይገባል።

ማስረጃው ሳይመጣ ግን ሌላ ነገር ሆነ። በ2014 ገደማ መዝገቡ የማይታመኑ አሮጌ አንቀጾችን ሲያጠራ፥ የአዲስ አበባን አንቀጽ ከዋናው ስፍራ አንሥቶ ስሟን ወደ ናይሮቢ መራው። አስመራ፥ ጅቡቲ፥ ሞቃዲሾ፥ ካምፓላ፥ ዳሬሰላምም እንዲሁ ሆኑ። ለዛሬ ሰዓት ይህ ምንም ጕዳት የለውም፤ ሁሉም ከግሪኒች 3 ሰዓት ይቀድማሉ። ለታሪክ ግን እንግዳ ነገር አስከተለ። ዛሬ አንድ ፕሮግራም በ1935 የአዲስ አበባ ሰዓት ስንት ነበር ተብሎ ቢጠየቅ፥ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት በኬንያ ይሠራበት የነበረውን፥ 2 ሰዓት ተኩል የሚቀድመውን ሰዓት ይመልሳል። ከማይታመን ታሪክ ወጥተን ወደ ሰው ታሪክ ገባን። ኤገርት የማይታመነውን ማንሣቱ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ነገር ግን ባዶውን ስፍራ ባዶ ነው ብሎ የሚናገር ምልክት ቢኖር ይሻል ነበር።

በዊንዶውስ ደግሞ የአዲስ አበባ ስም በዝርዝሩ ላይ ጨርሶ አይገኝም። ሰዓቱን የሚያስተካክል የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ «ናይሮቢ» የሚለውን ይመርጣል። በሌሎች ፕሮግራሞች፥ ዝርዝሩ በላቲን ፊደል ተራ ሲደረደር፥ የዓለም መጀመሪያ ከተማ አቢጃን ትሆናለች፤ አክራ ትከተላለች፤ ሦስተኛዪቱ አዲስ አበባ ናት። የሚመርጠው ያጣ ፕሮግራም የመጀመሪያውን ስም ከወሰደ ባለቤቱን በአቢጃን ያስቀምጠዋል፤ ይህም ከእኛ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ ነው።

ታዲያ ደኅና ነባሪ ምን ዓይነት ነው? አንዳንዶች ከቋንቋው እንገምት ይላሉ፤ አማርኛ የመረጠ ሰው በኢትዮጵያ ነው እንበል ብለው። ይህ ለአዲስ አበባ ይሠራል፤ ነገር ግን በዋሺንግተን፥ በቴል አቪቭ፥ በዱባይ የሚኖረውን አማርኛ ተናጋሪ ያሳስታል። በዋሺንግተን ያለው ወንድማችን ከአዲስ አበባ በክረምታቸው 8፥ በበጋቸው 7 ሰዓት ይዘገያል፤ ቋንቋው ግን አልተለወጠም። ከዚህም የባሰው እንግሊዝኛ የመረጠ ሁሉ አሜሪካዊ ነው የሚለው ግምት ነው፤ በአገራችን መሥሪያ ቤቶች ያሉ ኮምፒዩተሮች ብዙዎቹ በእንግሊዝኛ ነው የሚሠሩት። ከኢንተርኔት መስመር መገመት ይሻላል፤ እርሱም ቢሆን መስመሩ በሌላ አገር ከዞረ ይስታል። ስለዚህ የተገመተውን ለባለቤቱ አሳይቶ «ይህ ነውን?» ብሎ አንድ ጊዜ መጠየቅን የሚተካ ነገር የለም። አገር ከታወቀ ደግሞ ኢትዮጵያ አንድ የሰዓት ክልል ብቻ ስላላት ሁለተኛ ጥያቄ አያስፈልግም፤ ይህ 11 ክልል ያላት ሩስያ የማታገኘው ዕረፍት ነው።

ምንም ፍንጭ በሌለ ጊዜ ስለሚደረገው ነገር መዝገቡ ራሱ ያስተማረውን ያህል ጥሩ ትምህርት አላገኘሁም። በውስጡ «ፋብሪካ» የሚባል፥ የማንም አገር ያልሆነ ክልል አለ። እስከ 2016 ድረስ ይህ ክልል በሰዓቱ ስም ስፍራ ላይ፥ የአካባቢው ሰዓት ገና አልተመረጠምና ምረጡ የሚል ሙሉ ዓረፍተ ነገር ያሳይ ነበር። ውበት የለውም፤ ሰነዱንም ያበላሻል። ነገር ግን አይዋሽም። ከኒው ጀርሲው 18,000 ሴኮንድ ጋር ሲነጻጸር፥ አንዱ ሳያውቅ እንደሚያውቅ ይናገራል፤ ሌላው አለማወቁን ይናገራል።

ከሰዓት ክልል ሌላ የአቈጣጠር ነገርም አለ። የየአገሩን ልማድ ለኮምፒዩተሮች የሚመዘግበው የዩኒኮድ ማኅበር ለኢትዮጵያ የጎርጎርዮሳውያንን አቈጣጠር በመጀመሪያ፥ የኢትዮጵያን በሁለተኛ ተራ አስቀምጧል። ፊደላችን ራሱ በዩኒኮድ የገባው በ1999 ነው፤ ፊደሉ ገብቶ ዘመኑ በሁለተኛ ተራ ቀረ ማለት ነው። በመሥሪያ ቤት የሚጻፍ ደብዳቤ በኢትዮጵያ ቀን ሲጻፍ ኮምፒዩተሩ ግን ሌላውን በነባሪነት ስለሚሰጥ፥ ጸሐፊው በየቀኑ በአእምሮው ይመነዝራል። የንጋቱ ሰዓት ግን ከተራውም ውጪ ነው። የእኛን ሰዓት በኮምፒዩተሩ ላይ ማየት የፈለገ ሰው ክልሉን ቦነስ አይረስ ቢያደርገው፥ ከግሪኒች 3 ሰዓት የሚዘገየው የዚያ ከተማ ሰዓት ከአዲስ አበባ በ6 ሰዓት ስለሚለይ፥ ጠዋት 1 ሰዓት ሲሆን 1 ሰዓት ብሎ ያሳየዋል። የሚያስደንቅ ዘዴ ነው። ነገር ግን ከዚያ ኮምፒዩተር የሚወጣ ደብዳቤ ሁሉ ከአርጀንቲና እንደ ተጻፈ ሆኖ ይሄዳል፤ ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት የተጻፈውም የትናንትን ቀን ይይዛል። ክልል ስፍራን ይናገራል፤ አቈጣጠር ደግሞ ልማድን። ሁለቱን የቀላቀለ ፕሮግራም፥ ልማዱን ለመጠበቅ የሚሻውን ሰው ስለ ስፍራው እንዲዋሽ ያስገድደዋል።

ፀሐይስ ምን ትላለች? የ3 ሰዓት ልዩነት የ45 ዲግሪ መስመር ሰዓት ነው፤ አዲስ አበባ ከዚያ በምዕራብ 6 ዲግሪ ያህል ስለምትርቅ፥ ፀሐይ በከተማችን ከራስ በላይ የምትውለው በአማካይ በ6 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ነው። ይህች 25 ደቂቃ፥ በማን ትእዛዝና በየትኛው ቀን እንደ ገባች የሚነግረን ሰነድ እስኪወጣ፥ የሻንክስ አንቀጽ አልጠፋም። ከዋናው መዝገብ ተነሥቶ፥ የማይታመኑ አሮጌ ነገሮች በሚቀመጡበት በሁለተኛው ፋይል ውስጥ፥ 1870ም ሚያዝያ 27ም እንደ ነበሩ ሆነው ተቀምጠዋል። ፕሮግራሙን የሚያዘጋጅ ሰው ከፈለገ ያን ፋይል ይጨምራል፤ ካልፈለገ ይተወዋል። ስለዚህ ዛሬ ሁለት ኮምፒዩተሮች ጎን ለጎን ተቀምጠው በ1935 ስለ ነበረው የአዲስ አበባ ሰዓት ቢጠየቁ፥ አንዱ 2 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ይላል፤ ሌላው 2 ሰዓት ተኩል ይላል።